እናኑ ስታነጥስ መብራቱ ድርግም!

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የእናኑንና የአፍንጫዋን ነገር ልንገራችሁ።

እናኑ የምትኖረው ከጉምሬ ወንዝ ወዲህ ማዶ ነው። ቤታቸው ከአያ ፈንቴ ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው።

በቤታቸው ጥግ አንድ ካርቶን አለ። ካርቶኑ ውስጥ ጫጩቶች አሉ። «ጪው! ጪው! ጪው!»

እናታቸውን፣ ያቺን ደግ ዶሮ፣ ሸለምጥማጥ ወሰደባቸው። እንዴት ያለ ክፉ ሸለምጥማጥ ነው!

ታዲያ ማን ያሙቃቸው? አባዬ ከካርቶኑ በላይ አምፖል ሰቀለላቸው። አምፖሉ ሲበራ ይሞቃቸዋል፤ ሲጠፋ ይበርዳቸዋል።

ከሁሉም የምታንሰው ሚጢጢ ናት። ሚጢጢ ቶሎ ይበርዳታል። እናኑ ደግሞ ሚጢጢን ትወዳታለች፤ በጣም፣ በጣም!

ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ብርዱ አለ። አዲስ ዓመት ሊመጣ ነውና ሰው ሁሉ በርበሬ ያስፈጫል። የአያ ፈንቴ ወፍጮም «ድግ ድግ ድግ ድግ!» ይላል።

የበርበሬው ብናኝ በመስኮት ገባና የእናኑን አፍንጫ ኮረኮረው።

«ኧ... ኧ... ኧጥሽ!»

አምፖሉም ድርግም!

«ሄደ!» አለ ሰፈሩ ሁሉ። ጫጩቶቹ ተንጫጩ። ሚጢጢ ተንቀጠቀጠች። እማዬ ካርቶኑን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ቆየት ብሎ «መጣ!» አለ ሰፈሩ ሁሉ። እናኑ በደስታ ዘለለች። ወፍጮው ተነሣ፤ በርበሬውም እንደገና መጣ።

«ኧ... ኧ... ኧጥሽ!» ድርግም! «ሄደ!»

እናኑ ግራ ገባት። አፍንጫዋን ነካ ነካ አደረገች። «እማዬ፣ መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝ እንዴ?»

እማዬም ግራ ገባት። «ኧረ እኔ እንጃ፣ ልጄ! አፍንጫ መብራት ሲያጠፋ አይቼ አላውቅም።»

መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ እናኑ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ጉንጯ ተነፋ፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ኧ...» አይወጣም! «ኧ...» አይወጣም! «ኧጥሽ!» ድርግም!

አፍንጫዋን በሻሽ አሰረች። ትራስ ውስጥ ቀበረችው። ምን ዋጋ አለው! መብራቱ በመጣ ቁጥር «ኧጥሽ!» ድርግም!

ሚጢጢ አሁን «ጪው» እንኳ አትልም። ዓይኗን ጨፍና ኩርምት ብላለች። እናኑ ወደ አባቷ ሮጠች።

«አባዬ፣ ከዚህ ቤት ውሰደኝ» አለች እያለቀሰች። «እኔ እዚህ ካለሁ ሚጢጢ በብርድ ትሞትብኛለች። ወዲያ ማዶ ሄጄ ላነጥስ!»

አባዬ እንባዋን ጠረገላት። «እሺ የኔ ዓለም፤ ሄደን እንየው» ብሎ እጇን ያዘ። እማዬ ሚጢጢን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች።

የጉምሬ ድልድይ ጠባብ ነው፤ ሁለት አህያ አያስተላልፍም። ስለዚህ ማንም ሳይጣራ አይገባም።

«ኦሆይ! ልለፍ?» ይላል ወዲህ ያለው። «እለፍ!» ይላል ወዲያ ያለው።

አባዬም ተጣራ። «ኦሆይ! እንለፍ?»

«ቆዩ! አህያዬ ገብታለች!» አለ አንድ ሰውዬ ከወዲያ ማዶ።

ቆዩ። አህያዋ እህል እንደተጫነች፣ ጆሮዋን እያወዛወዘች፣ ቀስ ብላ አለፈች። ከዚያ «እለፉ!» ተባሉ።

ድልድዩ መሃል ላይ እናኑ ቆመች። እዚህ በርበሬ የለም። አፍንጫዋም ጭጭ ብሏል።

መብራቱ መጥቷል፤ ከኋላቸው የአያ ፈንቴ ወፍጮ «ድግ ድግ ድግ!» ይላል። ከፊታቸው ሌላ ድምፅ ተነሣ፤ «ጉርርርር!» የወዲያ ማዶዋ የእትዬ ደብሪቱ ወፍጮ ነው።

ድግ ድግ... ጉርርር... ድ...ግ... ጉ...ር... ጭጭ!

«ሄደ!» አለ ወዲህ ማዶ። «ሄደ!» አለ ወዲያ ማዶ።

እናኑ አፏን ከፈተች። «አባዬ! እኔ አላነጠስኩም!»

«አላነጠስሽም» አለ አባዬ።

«ታዲያ ማን አነጠሰ?»

አባዬ ራሱን አከከ። እሱም ግራ ገባው።

አያ ፈንቴ በርበሬ እንደለበሱ ብቅ አሉ። እትዬ ደብሪቱም ዱቄት እንደለበሱ ብቅ አሉ። ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው የመብራቱን ሽቦ አንጋጠው ያያሉ።

«መጣ!» ሁለቱም ሮጠው ገቡ። ድግ ድግ! ጉርርር! ድ...ግ... ጉ...ር... ጭጭ! «ሄደ!»

እናኑም ቀና ብላ ሽቦውን አየች። ከወዲህ ማዶ ምሰሶ ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወዲያ ማዶ ይገባል።

«አባዬ፣ የኛም የነሱም ሽቦ አንድ ነው?»

«አንድ ነው። ሁላችንም የምንስበው ከዚሁ ነው።»

እናኑ ሽቦውን አየች። ድልድዩን አየች። እንደገና ሽቦውን አየች።

«አባዬ! ሁለቱም ወፍጮዎች እኩል ነው የሚገቡት! ‹ልለፍ?› አይባባሉም እኮ!»

አባዬ ሳቁ አመለጠው። «አንቺ ልጅ! በይ ንገሪያቸው!» ብሎ ትከሻው ላይ ሰቀላት።

«አያ ፈንቴ! ‹ኦሆይ› ይበሉ! እትዬ ደብሪቱ! እርስዎም ይበሉ! ሽቦው እንደ ድልድዩ ነው፤ ሁለት አያስተላልፍም!»

ሁለቱ ባለወፍጮዎች ግራ ገባቸው። እናኑን አዩ፤ ሽቦውን አዩ፤ ከዚያ ማዶ ለማዶ ተያዩ።

«ወይ ጉድ!» አሉ አያ ፈንቴ። «እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መብራቱን ስራገም!»

«እኔስ ብትል!» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«መጣ!» አለ ሰፈሩ ሁሉ። አሁን ግን ማንም አልሮጠም። አያ ፈንቴ ወንዙ ዳር ቆመው ተጣሩ።

«ኦሆይ! ደብሪቱ! ልለፍ?»

«እለፍ!»

ድግ ድግ ድግ ድግ! የአያ ፈንቴ በርበሬ አለቀ።

«ኦሆይ! ፈንቴ! ልለፍ?»

«እለፊ!»

ጉርርርርር! እናኑ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። «ሄደ!» የሚል ሰው ጠፋ።

ማታ እናኑ አልጋዋ ላይ ወጣች። ካርቶኑ ሞቅ ብሏል። ሚጢጢም ዓይኗን ገልጣ «ጪው!» አለች።

ግን የእናኑ ቀሚስ ላይ ትንሽ በርበሬ ተርፏል መሰለኝ። «ኧ... ኧ...»

እማዬ አምፖሉን አየች። አባዬ አምፖሉን አየ።

«ኧጥሽ!»

አምፖሉ እንደበራ ነው!

እማዬ እናኑን እቅፍ አደረገቻት። «ይማርሽ፣ የኔ ልጅ! ቀኑን ሙሉ ስታነጥሺ አንድ ሰው እንኳ ‹ይማርሽ› አላለሽም እኮ።»

«ያኑርሽ» አለች እናኑ። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች።

ከወንዙ ማዶ የእትዬ ደብሪቱ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። «ኦሆይ! ልለፍ?»

እናኑ ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰች።

«ይለፉ...»