አንደኛ ማርሽ ላይ የተንከባለለው ፒክአፕ

ፒክአፑ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ነበር፤ ያም ሆኖ ቁልቁል ተንከባልሎ ባለቤቱን ከብሎኬት ክምር ጋር አጣብቆ ገደለው። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ውስጥ የቆመ መኪና ደግሞ በራሱ አይንከባለልም።

መርማሪዋ ብሎኬት ማምረቻው ግቢ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል፤ ጠቡ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ «ሲሚንቶ» ይለው ነበር፤ አንዴ ከደረቀ የሚመልሰው አልነበረምና። አሁን ሚስቱ የሾፌሩን ኮሌታ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ፖሊሱ ጣቶቿን ለማላቀቅ ላብ በላብ ሆኗል።

«ይሄ ነው ገዳዩ! እሰሩልኝ!»

«እትዬ፣ እኔ ማርሽ አስገብቼ ነው ያቆምኳት።»

«ዝም በል! ትናንት ባሌ በሰው ፊት በጥፊ ሲልህ ዓይንህን አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ነው በሆድህ የገደልከው!»

ፖሊሱ በመጨረሻ አላቀቃቸውና ካቴናውን አወጣ። «ነገሩ ግልጽ ነው። መኪናዋን ማርሽ ሳያስገባ ዜሮ ላይ ትቷት ነበር፤ ሰውየው ሲሞት ሮጦ ማርሽ አስገባ። ልውሰደው?»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። ቆይ ስትል እንደ ስድብ ነበር የሚሰማው። «ይሄ ግልጽ የምትሉት ነገር ሰውን ዕድሜ ልክ ያሳስራል። መጀመሪያ መኪናዋን ልያት።»

ግቢው ከቢሮው በር ጀምሮ እስከ ብሎኬቱ ክምር ድረስ ያዘቀዝቃል። ከጎማዎቹ ኋላ መሬቱ ላይ የመንሸራተት ምልክት የለም፤ ጎማዎቹ እንደ ልባቸው ዞረዋል። መኪናዋ ቆማ በነበረበት ቦታ አንድ የተሰባበረ ድንጋይና ከባድ መዶሻ ወድቀዋል። ሾፌሩን በጣቷ ጠራችው።

«ድንጋዩ ምንድነው?»

«ታኮ ነው። የእጅ ፍሬኑ ካቦ ከተበጠሰ ቆይቷል። ስለዚህ አንደኛ አስገብቼ ከፊት ጎማው ስር ታኮ አደርጋለሁ።»

«ማን ያነሳዋል?»

«ጋሼ ናቸው። አንድ ቀን ረስቼው ስነሳ ጎማ አፈነዳሁ፤ ከዚያ ወዲህ አያምኑኝም። ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ፊት ለፊት ጎንበስ ብለው ይስቡትና ‹አስነሳ!› ይላሉ። ሌላ ሰው ከነካው ቀኑን ሙሉ ስድብ ነው።»

«በመዶሻ ነው የሚያነሱት?»

«ኧረ በእጅ! መኪናዋን ማርሹ ይይዛታል። ታኮው ላይ ክብደት አያርፍም።»

ዛሬ ግን አርፎበታል፤ ሲሚንቶም በእጁ ሲያቅተው መዶሻ አምጥቷል ማለት ነው። ማርሹ መኪናዋን መያዝ የተወው ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት ነው። መርማሪዋ ወደ ጋቢናው አንገቷን አስገብታ ከማርሹ ጎን የቆመችውን አጭር ዘንግ አሳየችው።

«ይህችስ?»

«የፎር ዊል ናት፤ አራቱንም ጎማ የምታሠራው። ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ ዜሮ፣ መጨረሻ ላይ ለከባድ ዳገት የምትሆነው ዝግተኛዋ አራት።»

«ትጠቀምባታለህ?»

ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ ነዳጅ ትበላለች ብለው ከልክለውኛል። ግን በወር አንዴ ተደብቄ ጭቃ መንገድ ላይ አስገባታለሁ። ካልሰራች ዘይቱ አይዞርም፤ የቸገረ ቀን እምቢ ትላለች። መጀመሪያ ወርጄ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጄ አዞራለሁ። እሱ ሳይቆለፍ ዘንጓን ብቻ ቢስቧት የፊት ጎማ አይጎትትም፣ መልፋት ነው። ስጨርስ ደግሞ እፈታዋለሁ።»

«መጨረሻ ያስገባኸው?»

«ዝናቡ ሳይጀምር።»

መርማሪዋ ተንበርክካ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሃል ያሉትን ክብ መቆለፊያዎች አየች። ሁለቱም ተፈትተዋል። ጋቢና ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን አዞረች። ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፤ የፎር ዊል መብራት ነው። አጠፋችው፣ በሩን ዘጋች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ለማንም ምንም አልተናገረችም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ቢሮ ውስጥ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«እህቴ፣ እኔ የማውቀው ብሎኬት ነው። ከመኪና ላይ ከመሪው በቀር ስሙን የማውቀው ነገር የለም።»

«መጀመሪያ የደረሱት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ዘልዬ ጋቢና ገባሁና የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መኪናው ይበልጥ እንዳይጫነው ብዬ።»

«ሌላ የነኩት ነገር?»

«ምንም።»

«ወንድምዎን የሚጠላው ማን ነበር?»

«የሚወደውን ጠይቂኝ፤ ቶሎ እንጨርሳለን።»

ሚስትየዋ ከጓዳው በር ላይ ተደግፋ ሰምታዋለች። «ስሚው እንግዲህ! ትናንት እራት ላይ ባሌ ግቢውን ልሸጠው ነው ሲል ሳህኑን ገፍትሮ የተነሳው ማነው? ‹ያቀናሁት እኔ ነኝ› ብሎ የፎከረው?»

«አንቺ ደግሞ ከደስታሽ ብዛት የገፋሁትን ሳህን ለራስሽ አንስተሽ በላሽው!»

«ዝም በሉ» አለች መርማሪዋ። «እትዬ፣ የሾፌሩን ኮሌታ መቼ ነው የያዙት?»

«ገና ውሃ ከሚቀዳበት ቧንቧ ሮጦ ሲመጣ! ፖሊስ እስኪደርስ አልለቀቅኩትም።»

«ለአፍታም?»

«ለአፍታም! ጋቢናዋ አጠገብ ድርሽ አላስባልኩትም። የትም ቦታ እመሰክራለሁ።»

«መልካም። ፖሊስ፣ ሾፌሩን አስገባውና በሩ ላይ ቁም።»

አምስቱም በጠባቡ ቢሮ ተፋፍገው ቆሙ። መርማሪዋ መቀመጥ አልፈለገችም።

«ሾፌሩ ማርሹን ያስገባው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው ብላችኋል። እትዬ ግን ጋቢናው አጠገብ አላስደረሱትም። ስለዚህ ማርሹ ከማታ ጀምሮ አንደኛ ላይ ነበር።»

ሚስትየዋ ሾፌሩን ልታሳስር የማለችው መሐላ ነፃ እንዳወጣው የገባት አሁን ነው።

«አንደኛ ላይ ሆና የምትንከባለልበት አንድ መንገድ ብቻ አለ። ትንሿ ዘንግ ዜሮ ላይ ስትሆን ማርሹ ሞተሩን እንጂ ጎማውን አይይዝም። ያኔ መኪናዋ በሙሉ ክብደቷ ታኮው ላይ ትተኛለች። ሲሚንቶ መዶሻ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት ታኮውን ራሱ እንደሚያነሳ የሚያውቅ ሰው፣ ማታ ዘንጓን ዜሮ ላይ አድርጎ ወደ አልጋው ሄደ።»

«ተረት ነው!» አለ ታናሽ ወንድም። «ዘንጓ እኮ አራት ላይ ናት! ትናንት ጭቃ ስለነበር ሾፌሩ ፎር ዊል አስገብቶ ረስቶት ነው። አራት ላይ ደግሞ መኪና አይንከባለልም።»

መርማሪዋ ወደ እሱ ዞረች፤ «እርስዎ» ማለቱን ትታዋለች።

«አራት ላይ መሆኗን ማን ነገረህ? ከመሪው በቀር ስሙን የማታውቀው ሰውዬ?»

«… ስገባ አየኋት።»

«ሾፌሩ ፎር ዊል ቢያስገባ ኖሮ መጀመሪያ ወርዶ የፊት ጎማዎቹን ይቆልፍ ነበር። ሁለቱም ተፈትተዋል። ደግሞ ሲነዳ ፊቱ ላይ የሚበራውን መብራት ያየዋል። ዘንጓ ወደ አራት የመጣችው ሰውየው ከተገጨ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ጋቢና የገባኸው አንተ ብቻ ነህ። ከዜሮ ወደ ሁለት ለመመለስ አራትን ማለፍ አለባት። አንተ ግን ቸኩለሃል፣ ዘንጓ መጀመሪያ ቀጭ ስትል ሁለት ላይ ደረሰች ብለህ ተውካት።»

«የእጅ ፍሬን ነው የሳብኩት!»

ሾፌሩ ወደ ታናሽ ወንድም ዞረ። «የፍሬኑ ካቦ ይገዛ ብዬ የለመንኩት አንተን አይደል? ‹ታኮ አለህ› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ታናሽ ወንድም ግራ ቀኝ አየ፤ በሩን ፖሊሱ ሞልቶታል። ፊቱ ደም መሰለ።

«ይህን ግቢ ከባዶ መሬት ያነሳሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «እሱ የጨመረበት ስድብ ብቻ ነው! አንድ ብሎኬት በእጁ ሳይሰራ ሊሸጠው!»

«እሱ ሲያጣጥር አጠገቡ ሆነህ ዘንግ ትጎትት ነበር» አለች መርማሪዋ። «ውሰደው።»

ካቴናው ሲቆለፍ ሚስትየዋ ሁለት ጊዜ ተፋችበት። ፖሊሱ እየገፋ አወጣው፤ ጩኸቱ ከግቢው በር ማዶ ጠፋ። መርማሪዋ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

ሴትዮዋ ቁልፉን አንስታ ለሾፌሩ ዘረጋችለት። ይቅርታ የሚባል ቃል በአፏ አልዞረም።

«በል፣ ምን ትገተራለህ? ከሰዓት ጭነት አለ።»

ሾፌሩ ቁልፉን አየው፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም።

«እርስዎ ያድርሱት፣ እትዬ።»

«ማንን ነው እንዲህ የምታናግረው? አንተ! ተመለስ ብዬሃለሁ!»

አልተመለሰም። ወጣና በሩን በላይዋ ላይ ዘጋው።