ስክሪኑ ላይ አልወጣ ያለው የኪሮስ ፊት

እኔ እንኳን እንዲህ ዓይነት ነገር ላወራ፣ ሌላው ሲያወራ ሳቄን መያዝ የሚያቅተኝ ሰው ነበርኩ፣ «ቡዳ በላኝ» የሚለኝን ሁሉ «ዓይደር ሆስፒታል ሄደህ ተመርመር» ነበር የምለው፣ እና አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሰሜን ክፍለ ከተማ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ያረጀ ፎቶ አድሳለሁ፣ አሳድጋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ምሕረት የምትባል ልጅ መጣች፣ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ የሥራ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። ስልኳ ላይ አንድ የሠርግ ፎቶ አሳየችኝ፣ ሦስት ወጣቶች ተቃቅፈው ቆመዋል፣ መሀል ያለው ወንድሟ ኪሮስ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ የቀረ፣ ይሙት ይኑር ማንም ያልነገራቸው።

«እሑድ ተዝካሩን ልናወጣ ነው» አለችኝ፣ «እናቴን በስንት ልመና እሺ አሰኘናት። እሱን ብቻ ቆርጠሽ አሳድጊልኝ፣ ከሰዓት ከእሷ ጋር መጥተን እንወስዳለን።»

ፎቶውን በስልክ ላከችልኝና ሄደች፣ እኔም ኮምፒውተሬ ላይ በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ከፈትኩት፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ጥርት ብለው ወጡ፣ የኪሮስ ፊት ላይ ግን ልክ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ የሆነ አራት ማዕዘን ተደቅኗል። አልደነገጥኩም፣ እመኑኝ፣ ይሄ የታወቀ በሽታ ነው፣ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ግራፊክስ ካርድ ሲደክም ወይም ከፕሮግራሙ ጋር አልስማማ ሲል ስክሪኑ እንዲህ ይዥጎረጎራል። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ያው ነው። ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ያው። ፕሮግራሙ ካርዱን ጭራሽ እንዳይጠቀም አደረግሁት፣ ይሄኛው መላ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም፣ ያው ሆነ።

የሌላ ሰው ፎቶ ከፈትኩ፣ ንጹሕ። ሌላ ጨመርኩ፣ ንጹሕ። ወደ ኪሮስ ተመለስኩና ፎቶውን ገለበጥኩት፣ ዳማው አብሮት ተገለበጠ፣ ወደ ጥግ ጎተትኩት፣ ተከተለው። ደግሞ ድምፁ! ማውሱን ወደ ፊቱ ሳስጠጋ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሮጦ እንደመጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ሳርቀው ዝም ይላል፣ አስጠጋሁ፣ ጀመረ፣ አራቅሁ፣ ዝም። አጋጣሚ ነው ብዬ ስንቴ እንደሞከርኩት ብነግራችሁ ይቺ ለይቶላታል ትላላችሁ።

ኮምፒውተር የሚጠግን ሐጎስ የሚባል ጎረቤት አለኝ፣ ጠራሁት፣ ሌላ ካርድ ይዞ መጣ፣ የእኔን ነቅሎ የእሱን ሰካ። ፎቶውን ስንከፍተው ዳማው እዚያው ፊቱ ላይ ነው።

«ካርድ እኮ ፊት ለይቶ አያውቅም» አለ ሐጎስ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። «እስቲ አትሚው፣ የስክሪን ችግር ከሆነ ወረቀት ላይ አይወጣም።»

አተምኩት። ሸሚዙ ወጣ፣ አንገቱ ወጣ፣ ጆሮዎቹ ሳይቀሩ ወጡ፣ ፊቱ መሆን ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነጭ ወረቀት። ሐጎስ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፣ ካርዱን እንኳ ሳይነቅል በዚያው ቀረ።

ወረቀቱን ሳልደብቀው ምሕረትና እናቷ ዝናብ እያባረራቸው ገቡ። አደይ ለተብርሃን ይባላሉ፣ እዚህ እናቶችን አደይ ነው የምንለው። ዓይናቸው ቀጥታ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ አደይ።»

«የሌላ ሰው ፎቶስ ይወጣል?»

ምሕረት ከኋላቸው ሆና ራሷን ትነቀንቅልኛለች፣ አይወጣም በይ ማለቷ ነው። ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«ይወጣል» አልኩ።

«የእሱ ብቻ ነው እምቢ ያለው?»

«አዎ፣ አደይ።»

ወረቀቱን አነሱና ባዶውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። «በቃ፣ አልሞትኩም እያለ ነው። ተዝካር የሚባል ነገር የለም።»

«አደይ፣ የማሽን ብልሽት ነው!» ብላ ጮኸች ምሕረት። «ለቄሶቹ ተነግሯል፣ ዘመድ ከውቅሮ ሊመጣ ነው! ይኸው፣ ስልኬ ላይ ፊቱ አለ፣ እዪው!»

«ስልክሽ ላይማ ይኑር» አሏት ረጋ ብለው፣ «በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ አለው። እምቢ ያለው ለተዝካር ነው።»

ምሕረት ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያት እንጂ! ሥራሽ አይደለም እንዴ?»

ምን ልበል? ብልሽት ነው እንዳልል ብልሽቱ የቱ ጋ እንዳለ አላውቅም፣ አይደለም እንዳልል ደግሞ ያን ብዬ እንዴት እተኛለሁ? እናትየው ወረቀቱን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ዝናቡ ወጡ። ተዝካሩ ቀረ፣ ምሕረትም ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም አትለኝም።

አሁን ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ልንገራችሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቆዩ ፋይሎች ሳጸዳ ያንን ፎቶ ከፈትኩት። ኪሮስ ሙሉ ፊቱ ወጣ፣ ዳማ የለ፣ ምን የለ። ካርዱ ያው የሐጎስ ካርድ ነው፣ አንድም ነገር አልነካሁም፣ ዘግቼ ከፈትኩ፣ ወጣ፣ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁ፣ አሁንም ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፎቶውን ፈጥኜ ዘጋሁት። ፊቱ መሸፈኑ በሕይወት አለ ማለት ከሆነ፣ አሁን መገለጡ ምን ማለት ነው? እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም ብያችኋለሁ፣ ግን ይህን ለእናቱ የሚናገር አፍ ከየት ይምጣ?

አደይ ለተብርሃን በየቅዳሜው ይደውሉልኛል።

«ልጄ፣ ዛሬስ ፊቱ ወጣ?»

«አልወጣም፣ አደይ።»

«ተመስገን!» ብለው ይዘጋሉ።

ስልኩን አስቀምጥና ፎቶውን እከፍተዋለሁ፣ እባክህ ዛሬ እንኳ ተሸፈን እያልኩ። እስካሁን ጥርት እንዳለ ነው።