የሐጂ አሊ አራት ደቂቃ

አኒስ ፎቶግራፉን ይዞ በአራዳ ሱቆች መዞር ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሥራው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የድሮ ፊልሞችን ማደስ ነበር። ምስሉ የወጣው ከአርባ አምስት ዓመት በፊት ስለ ማሲንቆ ተጫዋቹ ክንዱና ስለ ጎንደር ከተማ ከተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። ክንዱ ከሞተ ቆይቷል። ከጎኑ ተቀምጦ ማሲንቆ የሚመታውን ወጣት ግን የሚያውቀው ሰው ጠፋ።

ሸምሲያ በአባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ቆማ ምስሉን ተቀበለችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አኒስን አየችው።

«አላውቀውም» አለች።

ዋሸች። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደረገው ወጣት አባቷ ሐጂ አሊ ነበሩ፤ በቤታቸው ዘፈን እንዲከፈት የማይፈቅዱት ሐጂ አሊ።

አኒስ ሰበብ እየፈለገ ተመላለሰ። እሷም የሚመጣበትን ሰዓት መጠበቅ ለመደች። በሁለተኛው ወር፣ ቁስቋም ከፍርስራሹ ግንብ አጠገብ ቆመው እውነቱን ነገረችው። እሱም በዚያው ቀን ሽማግሌ ልልክ ወይ ብሎ ጠየቃት። ላክ አለችው።

ፊልሙ ታድሶ ለሕዝብ ሊታይ አራት ቀን ሲቀረው እሳቸው በፊልሙ እንዳሉና አኒስም ሸምሲያን ሊጠይቅ እንደሆነ ወሬው ሐጂ አሊ ጆሮ ደረሰ። አኒስን አስጠሩት፤ ተቀመጥ እንኳ አላሉትም። በወጣትነታቸው አባታቸው በዚያ ማሲንቆ ምክንያት ከቤት አስወጥተዋቸው ነበር። ይቅርታ ያገኙት ዳግም ላይነኩት ምለው ነው። እሳቸው ያሉባት አራት ደቂቃ ካልወጣች ልጄን አታስባት አሉት።

አኒስ ፊቱ ጠቁሮ ሸምሲያ ዘንድ መጣ።

«እቆርጠዋለሁ» አላት። «አንቺን ካጣሁ ፊልሙ ምን ያደርግልኛል?»

ሸምሲያ የያዘችውን ጨርቅ አጥፋ አስቀመጠች።

«ዛሬ ለእኔ ብለህ አባቴን ከቆረጥህ፣ ነገ ለሌላ ሰው ብለህ እኔን ትቆርጠኛለህ» አለችው። «መጀመሪያ ይዩት። አይተውም እንቢ ካሉ፣ የዚያኔ እንመካከራለን።»

ማታውን አባቷን ለመነች። ያለ ምርቃታቸው እንደማታገባ፣ ነገር ግን ያላዩትን ነገር እንዳይፈርዱበት ነገረቻቸው። ሐጂ አሊ ተነሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ። ጠዋት ግን ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ጠበቋት።

አኒስ ፊልሙን በሚያድስባት በዩኒቨርሲቲው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ሐጂ አሊ አልቀመጥም ብለው በሩን ተደግፈው ቆሙ። የድሮው አራዳ በሸራው ላይ ወጣ፤ ቀጥሎ ክንዱ፤ ከዚያም ወጣቱ አሊ። ክንዱ ማሲንቆውን አቁሞ ወጣቱን እያመለከተ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ? ጆሮዬ ደክሟል» አሉ ሐጂ አሊ።

አኒስ ፊልሙን አቁሞ ወደ እሳቸው ዞረ።

«‹እጁ ከእኔ ይበልጣል። ቢተወው እንኳ አልቀየመውም፤ አባት አለው› ነው ያለው።»

ሐጂ አሊ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማሲንቆውን ከተዉ በኋላ ክንዱን በመንገድ ባዩት ቁጥር ፊታቸውን ሲያዞሩ ኖረዋል። ቀብሩም አልሄዱም።

«ተቀይሞኝ የሞተ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «እስቲ መልሰው።»

አኒስ ሦስት ጊዜ መለሰላቸው። ከዚያ ተነሡና ሽማግሌዎቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቁት።

«ሦስት ናቸው፣ ሐጂ።»

«ከጁምዓ በኋላ ይምጡ። ፊልሙንም እንዳለ አሳየው።»

ሲወጡ ሸምሲያ ደረጃው ላይ ቆመች። በአባቷ ፊት ዓይኗን ሳትሰብር አኒስን አየችው፤ እሱም አያት። ሐጂ አሊ አይተው እንዳላዩ ሆነው ቀድመዋቸው ወረዱ።