ነገ ፈተና፣ ዛሬ ሬሳ

ሽቦ የፈተና ማሰልጠኛውን ክፍል በር በክርኑ ገፋ አድርጎ ገባ። «ጋሼ፣ ተኙ እንዴ? እረፍቱ እኮ አልቋል!»

አስተማሪው ጋሼ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተዋል። ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጋቸው እጃቸው ከጭናቸው ላይ ተንሸራቶ ተንጠለጠለ። ማጅራታቸው ላይ ፀጉራቸው በደም ተጣብቋል። ሽቦ ጮኸ። ቀድሞ የጮኸ ሰው ቀድሞ እንደሚጠረጠር እንኳ የሚያውቅ ልጅ አይደለም።

ነገ ብሔራዊ የብቃት ፈተና አለ። ሽቦ ሦስቴ ወድቋል፣ ዕድሜውም ለፈተናው የተፈቀደው ገደብ አፋፍ ላይ ነው። ነገ ካልተፈተነ፣ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የሚባለውን ነገር በሕልሙም አያየውም። ዛሬ መታሰር ማለት ለእሱ በቁም መቀበር ነው።

የፖሊስ መርማሪዋ ስትመጣ ሰው ሁሉ «ይቺ ናት?» ብሎ ተያየ። ቦርሳዋ ከሷ የሚበልጥ፣ ማስቲካ የምታላምጥ አጭር ሴት ናት። ዓይኗ ግን ዝንብ አያሳልፍም። ክፍሉን ዞረችው፤ የብረት ቁምሳጥኑ ጠርዝ ላይ ደም አገኘች።

«እዚህ ተገፍተው ወደቁ። ከዚያ አንድ ሰው ጎትቶ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።»

ጠረጴዛው ላይ አፉ ድረስ የሞላ ሻይ አለ። አጠገቡ «ሶሊድ ስቴት» የሚል የኬሚስትሪ መጽሐፍ ተገልጧል፤ ወረቀቱ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። በአንድ ጣቷ ጠረጴዛውን ነካችው። ተወዛወዘና ሻዩ መጽሐፉ ላይ ተፈናጠረ። ማስቲካዋን ማላመጥ አቆመች።

መጀመሪያ የጠየቀችው የማሰልጠኛውን ዳይሬክተር፣ የሟቹን ታናሽ ወንድም ነው።

«ሻይ ያመጣሁለት እኔ ነኝ» አለ። «ደህና ነበር፣ ያንን መጽሐፍ እያነበበ። ከእኔ በኋላ የገባው ሽቦ ነው። ጠዋት በዚሁ በሶሊድ ስቴት ሲጨቃጨቁ ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎም እዚህ ክፍል ይማራሉ?»

«እኔ? ኬሚስትሪ? የቢሮዬ ጣጣ አይበቃኝም?»

ቀጥሎ ሽቦ ተጠራ። «ተጨቃጭቀሃል?»

«አዎ። ወር ሙሉ ያነበብኩትን ሶሊድ ስቴት ጣለው አሉኛ! ‹ደጋግሞ የሚመጣውን አስቀድም፤ ጊዜ በልቶ አንድ ጥያቄ የሚሰጥህን ጣል› ነው የጋሼ ሕግ። እኔ ደግሞ ደረቅ ነኝ፣ የወደድኩትን አልጥልም አልኩ።»

«ታዲያ ገደልካቸው?»

«ኧረ እኔ ለጋሼ!» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ በእናትዎ፣ ነገ ፈተና አለብኝ።»

«እሱን እናያለን» አለች።

የቀሩት እትዬ ናቸው፤ ከሽቦ ጋር የሚያጠኑ የሁለት ልጆች እናት።

«እትዬ፣ ይሄ ጠረጴዛ ጠዋትም ይወዛወዝ ነበር?»

«ኧረ! ጠዋትማ ንቅንቅ አይልም ነበር። ምክንያቱም...»

«እሱን አሁን አይንገሩኝ።»

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሻዩን አነሳችና «ጠረጴዛውን ቀጥ አድርጉልኝ፣ ቶሎ!» አለች።

ዳይሬክተሩ ወረቀት ማጣጠፍ ጀመረ። ሽቦና እትዬ ግን ሳይነጋገሩ እጃቸውን ወደ መጽሐፉ ሰደዱ። ሽቦ ቀደመና፣ ጎንበስ ብሎ አጭሩ እግር ስር ወሸቀው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

«ለምን ያንን?»

«ቦታው ነዋ!» አለ ሽቦ። «ጠዋት ጋሼ ራሳቸው ናቸው እዚህ የከተቱት። ‹ነጥብ ባያመጣ ጠረጴዛ ይይዛል› ብለው ሳቁብኝ።»

መርማሪዋ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ።

«ወንድምህ ነገ ፈተና እያለ፣ ራሳቸው የጣሉትን ርዕስ ሊያነቡ መጽሐፉን ከስሩ አውጥተው ጠረጴዛ አያናጉም። አንተ የመጽሐፉን ስም ከኮሪደር ሰምተሃል፤ ጠረጴዛ መያዙን ግን አታውቅም። መጽሐፉን መሬት ላይ ስታየው የወደቀ መሰለህ። ጭቅጭቁ ትዝ እንዲለንና ሽቦን እንድንይዝ ጎትተህ አወጣኸው፣ ገለጥከው።»

«ሽቦስ ሊያወጣው አይችልም?»

«ሽቦ በራሱ ላይ ምስክር ያቆማል? ደግሞስ ሻዩ? ያን የሚያህል ሰው ተጎትቶ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ሲደፋ፣ ሙሉ ሻይ ጠብ አላለም። እኔ በአንድ ጣት ስነካው ተፈናጠረ። ስለዚህ ሻዩ የመጣው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ ያልከው ደግሞ አንተ ነህ! ደህና ነበር ያልከው ሬሳውን ነው?»

ዳይሬክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«የነገው ፈተና ተሰርቆ እጄ ገብቷል ብዬ ነበር ተማሪ የሰበሰብኩት። ውሸቴን ነበር። ወንድሜ ሲደርስበት ከእረፍት በኋላ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። ‹የተሰረቀ ፈተና የለንም፣ ያለን ምን እንደሚቀድም ማወቅ ብቻ ነው› አለኝ። ገፋሁት... ገፋሁት ብቻ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሽቦ እንደቆመ ቀረ። «እኔስ?»

«ነገ ፈተና አለብኝ አላልክም? ምን ትገተራለህ!»

ደረጃው ላይ ከእትዬ ጋር ተቀመጡ። የሁለቱም ዓይን ቀልቷል።

«እሺ፣ ከየት እንጀምር?» አሉ እትዬ።

ይሄን ሁልጊዜ የሚመልሱት ጋሼ ነበሩ። ሽቦ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ከኢኩሊብሪየም። ብዙ ይመጣል፣ ቶሎ ይሠራል። ከዚያ ኤሌክትሮኬሚስትሪ፣ ከዚያ ኦርጋኒክ።»

«ሶሊድ ስቴትስ?»

«እሱን ይተዉት» አለ ሽቦ። «በሉ ይጠይቁኝ።»