በሰባት ሰዓት የተላከው ቅጂ

ቅናት የሌላውን ስም ሊፍቅ ሲነሣ አስቀድሞ የራሱን ጥፋት ይጽፋል። የሚከተለው ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

የሕክምና ቃላትን በሦስት ቋንቋ ያሰባሰቡት ሽማግሌ ሊቅ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሥራ ክፍላቸው፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው መሰላል ሥር አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። ያገኘቻቸው አብራቸው የምትሠራው ልጃቸው ናት፤ በሳምንቱ ወንበራቸውን ልትረከብ ነበር። ክፍሉ ወዲያው ታሸገ።

መርማሪዋ መሰላሉን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«አባትሽ እዚህ ላይ ይወጡ ነበር?»

«አባዬ? ኧረ እንዴት ተደርጎ! ጉልበቱን ከታመመ ሁለት ዓመቱ። መጽሐፍ የማወርድለት እኔ ነኝ።»

የክፍሉ ቁልፍ ከልጅቱ ሌላ በሁለት ሰዎች እጅ ነበር፤ ሃያ ዓመት የሊቁ ምክትል ሆኖ በሠራው ሰውና «ሽቦ» በሚሉት የኮምፒውተር ባለሙያ።

«እዚህ ቤት ለአንድ ሐሳብ አንድ ማኅደር ይከፈታል» አለ ሽቦ። «በማኅደሩ ውስጥ ለየቋንቋው አንድ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ ቃላቱ፣ በቃሉ ጎን ያስገባው ሰው ስም። ሌላ ተቋም ሲደርሰው እንዳይደናገር ይህ አደራደር አይነካም።»

«ስም የሚለወጠውስ የት ነው?»

«በዚህ ክፍል፣ በሊቁ ኮምፒውተር ብቻ። የይለፍ ቃሉን ለምክትሉ እንጂ ለእኔ አልሰጡኝም። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን ራሴን አላምንም።»

መርማሪዋ የቃላቱን መዝገብ አስከፈተች። በስምንት መቶ ማኅደሮች ውስጥ፣ ልጅቱ በደከመችባቸው ቃላት ሁሉ ጎን፣ የምክትሉ ስም ተጽፏል።

«ሊቁ ራሳቸው ፈቅደውልኝ ጠዋት በአራት ሰዓት አስተካከልኩት» አለ ምክትሉ ሲጠየቅ። «በስድስት ሰዓት ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ አልተመለስኩም። እህቴ፣ ትናንት ጡት የጣለች ልጅ ከእኔ ልትበልጥ ነው?»

«ጋሼ፣ ሦስተኛውን ቋንቋ እኮ አያውቁትም!» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ዝም በይ!»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም በዚያው ክፍል ሰብስባ አንድ ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መሰላል ያልወጣ ከመሰላል አይወድቅም» አለች። «ስለዚህ ሊቁ ተገፍተዋል፤ መሰላሉ ኋላ የቀረበ ማሳበቢያ ነው። ማን ገፋቸው? በየቀኑ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ከተማ ወዳለ ተቋም በራሱ ይሄዳል። የትናንቱን አስመጣሁት፤ ይኸው። በስምንት መቶዎቹ ማኅደሮች ያለው ስም የልጅቱ ነው።»

ምክትሉ ወደ ጥራዙ አየና ዐይኑን መለሰ።

«በአራት ሰዓት ለወጥኩት ያሉት ስም በሰባት ሰዓት አልተለወጠም ነበር። ከስምንት ወዲህ ክፍሉ ታሽጓል። እንግዲህ በመካከሉ እዚህ ነበሩ፤ የልጃቸውን ስም ሲፍቁ ሊቁ ደረሱብዎት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከዚህ ቤት የወጣ ቅጂም እንዲሁ ነው። የቤቱን አጸዱ፤ መንገድ የጀመረውን ረሱ።»

«ሃያ ዓመት!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ። «ሃያ ዓመት ከኋላቸው ቆሜ፣ ወንበሩን ለልጃቸው! ማኅደር በከፈትኩ ቁጥር ስሟ እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር።»

ልጅቱ ከአባቷ መሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት።

«ከመዝገቡ የሚታተመው መጽሐፍ መቅድም ነው፣ ጋሼ። አባዬ የእርስዎን ስም ከእኔ በላይ ጽፎት ነበር።»

ምክትሉ አነበበውና ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ፍርድ ቤቱ በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣው። ማኅደሮቹ ከሰባት ሰዓቱ ቅጂ ተመልሰው ታረሙ፤ ስሙም ከመቅድሙ ተሰረዘ።