አንድ ጉንጭ ውሃ

ደመላሽ ውሃ የሞላውን ጀሪካን በሩ ሥር ዷ አድርጎ ጣለው። እናቱ የብርጓል እንድትነቃ አውቆ ነው። እሷ ግን በጠራራ ፀሐይ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ እንደተኛች ናት።

አንጀቱ አረረ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፤ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ዛሬም በውሃ ወረፋ አልፎታል። አባቱ ሉማሜ ሥራ ላይ ስለሆነ ውሃውም ወጡም የሱ ዕዳ ነው። ከሁሉ ያንገበገበው ግን ቦኖው ጋ የሆነው ነው። ጎረቤታቸው ጥሩብርሃን ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ፣ «እናትህ ድሮ ንብ ነበረች፤ አሁን ድመት ሆና ቀረች?» ብትለው ሰው ሳቀ። ደመላሽም አብሮ ሳቀ።

የየብርጓል ሕመም መታወቁንስ ታውቆ ነበር። ከገና በፊት ሐኪሟ ለሁለቱም አስረድታቸዋለች። አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፤ ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የምትወስነው እሷ ናት። ሥራዋን ስትቀንስ ሰው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ፊቱ ያብጣል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። መድኃኒቱ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ በውሃ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ምግብ ቆየት ብሎ ነው የሚበላው። የብርጓል እንደተባለችው ስትውጥ ተሽሏት፣ ልብስ እያጠበች ማንጎራጎር ሁሉ ጀምራ ነበር። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን ተመልሳ ወደቀች። ደመላሽ ኪኒኑን እየዋጠች ከሆነ የቀረው ስንፍና ነው ብሎ ደመደመ፤ አንድ ቀንም ፊት ለፊቷ ብሎታል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሣችና ለምሳ ቀረቡ። ሽሮውን ሁለት ሦስቴ ጎረሰችና ኪኒኗን አወጣች። የደመላሽ ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ።

«አሁን ነው እንዴ የምትውጪው? ከምግብ ጋር?»

«ጠዋት ውሃ ጠጥቼማ ምኑን ጾምኩት?»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አሉ። እሱ ትምህርቱ እያመለጠው ውሃ ይቀዳል፤ እሷ መድኃኒቷን ከሽሮ ጋር ከንቱ ታስቀራለች። ድምፁ ከፍ አለ። ሐኪሟ በባዶ ሆድ ያለችው ለቀልድ ነው ወይ? የነፍስ አባታቸውን መምሬን መጠየቅስ አቅቷት ነው?

የብርጓል ያበጡ ዓይኖቿን ከትሪው ላይ አላነሣችም።

«ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ሰነፍኩ ልበላቸው? አንተም ብለኸኛል እኮ። ስንፍና ከሆነ በጾም ይለቀኛል ብዬ ነው የጸናሁት።»

ደመላሽ እስካሁን በእሷ ሲናደድ ነበር፤ አሁን ንዴቱ ዞሮ እሱ ላይ መጣ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጥቶ ሄደ።

መምሬ ገብረ ኪዳንን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኛቸውና ሁሉንም ነገራቸው፤ ስንፍና ያለውን ሳይቀር። መምሬም ተቆጡ። የታመመ ሰው በመድኃኒቱ ጾም እንደማይሽር፣ ውሃውንም እሳቸው እንደፈቀዱላት ሄዶ እንዲነግራት አዘዙት። «ለመሆኑ እስካሁን ለምን ዝም አለች?» አሉት። «ሰነፍ ስላልኳት» አለ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ኪኒኗንና አንድ ጣሳ ውሃ ይዞላት ቀረበ። መምሬ መፍቀዳቸውን ነግሯት ነበርና የብርጓል አማትባ ዋጠች። በአንድ ቀን እንደማይሻላት ሁለቱም ያውቃሉ። ሰኞ አብረው ሐኪም ቤት ሄደው ከምግብ ጋር ስትውጠው መክረሟን ሊነግሩ ተስማሙ።

ቦኖው ጋ ጥሩብርሃን ቀድማው ተሰልፋለች። «ድመቲቱስ ተነሣች?» አለችው። ከኋላ አንዲት ልጅ ገና ካሁኑ ትስቃለች።

ደመላሽ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«እናቴ ታማ ነው» አለ፣ መጨረሻ የቆመው ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ሰነፍ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው። እትዬ ጥሩብርሃን፣ እርስዎም ሁለተኛ ድመት እንዳይሏት።»

የሳቀ አልነበረም። ጥሩብርሃን ነጠላዋን አስተካከለችና ተራዋን ለቀቀችለት።

ቤት ሲደርስ የብርጓል ተኝታለች። ጀሪካኑን በሁለት እጁ ደግፎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።