የተፋቀው ሥዕል

ሠዓሊው የህያ ገፈርሳ ግድብ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተንጋሎ ተገኘ። ጭንቅላቱ በኋላ በኩል ድንጋይ ላይ ተፈጥፍጧል። ሥዕሉ ከነማቆሚያው አጠገቡ ቆሟል።

ጊዜው ጥር 2008 ነው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ሰበብ ቡራዩ ታምሳለች። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ከማዶ ተኩስ ይሰማል።

«በሁከቱ መሐል በተወረወረ ድንጋይ ሞተ ብለሽ ዝጊው» አላት መርማሪዋን ሳጅን ድንቅቱን አለቃዋ በስልክ።

ድንቅቱም ቶሎ ከዚያ ብትሄድ በወደደች። የለበሰችው የደንብ ልብስ ራሱ ያስፈራታል።

ሥዕሉ ግን ያዛት። ኮረብታውም ውኃውም በወፍራም ቀለም ተለስነዋል፤ የብሩሹ ፈለግ እንደ ትልም ይታያል። ከግርጌው መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ እስከ ሸራው ድረስ ተፍቃለች።

ድንጋይ ወርዋሪ ሥዕል አይፍቅም።

አስከሬኑን አገኘሁ ብሎ የጠቆመው የሟቹ ጎረቤት፣ ባለሱቁ አብዱሰመድ ነበር። ጣቢያ አስጠራችው።

«ሥዕሉን ነክተኸዋል?»

«አልነካሁም።»

«እጅህ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። የዘይት ቀለም የሚለቀው በጋዝ ነው።»

«ነጭ ጋዝ እሸጣለሁ። ምን ይሽተት?»

«ሰዓትህን ፍታው።»

አልፈታም። ራሷ ፈታችው። ከማሰሪያው ሥር ያልደረቀ ቡናማ ቀለም ጣቷ ላይ ተለጠፈ።

አብዱሰመድ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለም አየ።

«ለማስተር ፕላኑ ቀያሾች ኮረብታውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ» አለ። «የህያ ያኔ አይቶናል። ዛሬ በዚያ ሳልፍ እነሱንና እኔን ስሎ አገኘሁት፤ ሦስት ሰው። ሰዉ ቢያየው ቤቴን ከነልጆቼ ያነዱታል። አጥፋው አልኩት፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ይሞታል አላልኩም።»

የባሏን የየህያን ዕቃ ልትረከብ መጥታ ጥግ የተቀመጠችው ሰይዳ ቀና አለች።

«ሰው አይደሉም እኮ» አለች ቀስ ብላ። «የኦቦ ጉደታ በሬዎች ናቸው። ጠዋት ሻይ ሳደርስለት ቀንዳቸውን ገና አልጨመረላቸውም ነበር።»

አብዱሰመድ መሬት መሬቱን አየ።

«በሬ ናቸው ብሎኝ ነበር። አላመንኩትም።»

ድንቅቱ ይዛው ስትወጣ የጣቢያው በር በሰው ተሞልቷል። አንዳንዱ ዱላ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ይዟል።

«ሳጅን፣ ማል ታኤ? ምን ሆነ? ምን አድርጎ ነው?» አላት ከፊት የቆመው ሰውዬ።

«ቀያሽ» የምትል ቃል ካመለጠቻት የአብዱሰመድ ቤት እስከ ማታም አይቆይም። ልጆቹም ውስጥ ናቸው።

«ተጣልተው ነው» አለች። «የጎረቤት ጠብ ነው።»

ሰውየው ዱላውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ መንገድ ለቀቀላት።